ጠዋት ኪዳን፣ ከሰዓት ሚዛን

ጎመን በጤና (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ? እንኳን ለጾመ ፍልሰታ አደረሳችሁ፤ የማትጾሙትም እንደምን ከረማችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለከረመ እዚህ ልተንፍሰው።

ባሕር ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ዓሣ ነው የምሠራው፤ ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ዱለት። ዓሣ የሚያስረክበኝ ሰውዬ አለ። ስሙ ይቅር። ይሄ ሰው መንፈሳዊ ነው፤ አሽሙር አይደለም፣ የምሬን ነው። ሌሊት ሰዓታት ቆሞ፣ ኪዳን አድርሶ ነው ወደ ሥራ የሚወርደው። የሚካኤል ጽዋ ይጠጣል። ረቡዕና ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አይቀምስም። እኔ ጋ ሲመጣ ነጠላው ገና ትከሻው ላይ ነው። ሚዛኑ ግን ይሰርቃል! አሥር ኪሎ ብሎ ያስረከበኝን በራሴ ሚዛን ሳስቀምጠው ዘጠኝ አይሞላም። ስነግረው ፈገግ ብሎ «ውሃው ተንጠፍጥፎ ነው» ይለኛል። ከዚያ «እግዜር ገበያሽን ይባርክልሽ» ብሎኝ ውልቅ።

በዚያ ላይ አሁን ክረምት ነው። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣበት ጊዜ ነው። እሱ ደግሞ የወንዙ አፍ ላይ ቀጭኑን የፕላስቲክ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ዓሣው ሲከፈት ሆዱ በእንቁላል ተወጥሯል። እኔ ከሐምሌ ጀምሮ ይሄን አልቀበልም ብዬው ቀረሶና አምባዛ ብቻ ነው የምወስደው። እሱ ምን ቸገረው፣ ለሌላው ይሸጠዋል።

እና ጥያቄዬ፣ ሰው የሚሠራው ሥራ ሁልጊዜ ክርስትናውን ያሳያል? ይሄ ሰው አያምንም ልበል? እንዲህ ማለት ደግሞ ይከብደኛል። ማንም በማያየው ሌሊት ዝናብ እየወረደበት የሚሄድ ሰው ለታይታ ነው ማለት አልችልም። ያምናል። ታዲያ የሚያምነው እግዚአብሔር ሚዛን አያይም ማለት ነው?

ባለ ባጃጁ

ሃሃሃ አንቺ በኪሎ ተሰረቅሽ፣ እኔን በነጻ ይሄዱብኛል። ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ያማትባል። እኔም መሪውን በአንድ እጄ ይዤ አማትባለሁ። መውረጃው ላይ «ዝርዝር የለኝም፣ ነገ እሰጥሃለሁ»። ነገ ሲሆን ሰውየው በሌላ ባጃጅ ነው የሚሄደው።

የኛንም ጉድ ልንገርሽ። መስታወታችን ላይ «እመብርሃን ጠብቂኝ» ጽፈን፣ ሳናይ ጠምዝዘን አስፋልት የምንገባው እሷ ስለምትጠብቀን ነው መሰለኝ።

ሣራ ዘሽምብጥ

እህቴ የሰውየውን ሥራ አልደግፍም። ግን እምነቱን ለመመዘን አንቸኩል። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ሮሜ 7 ላይ የሚወደውን በጎ ነገር እንደማያደርግ፣ የማይወደውን ክፉ ግን እንደሚያደርግ ጽፏል። ሐዋርያው እንዲህ ካለ ዓሣ ነጋዴው ምን ይበል? ጴጥሮስስ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዶ የለም? ካደ ተብሎ ከዚያ በፊት ያመነው ሁሉ ውሸት ነበር አይባልም።

ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰው ሲያጠፋ «ይሄ ነው ክርስቲያን?» እንላለን። ደግ ሲሠራ ግን «ጥሩ ሰው ነው» ብለን እናልፋለን፣ እምነቱን ማንም አያነሳለትም። ጠዋት ጠዋት ደጀ ሰላም ላይ ለነዳያን ዳቦና ንፍሮ የሚያድሉ እናቶች አሉ። ስለነሱ ማን ክር ከፈተ?

ዝምተኛው

ሣራ፣ ጳውሎስ ያንን የጻፈው እየተጨነቀ ነው። መጨረሻ ላይ ምን ዓይነት ጎስቋላ ሰው ነኝ ነው ያለው። የዚች እህታችን ሰውዬ ፈገግ ብሎ ነው የሚሰርቃት። ልዩነት የለውም?

ጴንጤው ጎረቤት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወንጌላዊ ነኝ፤ እናንተን ልተች አልመጣሁም፣ የኛም ቤት ያው ነው። እሁድ እጁን ዘርግቶ አልቅሶ ያመለከ ሰው ሰኞ የቤት ሠራተኛውን ደሞዝ «ሳህን ሰብረሻል» ብሎ ሲቆርጥ አይቻለሁ። የናንተ ሰው በጾሙ ይተማመናል፣ የኛ ሰው ደግሞ «በጸጋ ድኛለሁ» በሚለው ይተማመናል። መደበቂያው ተለያየ እንጂ የሚደበቀው ነገር አንድ ነው።

ያዕቆብ ግን ለሁላችንም አልተመቸንም። ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ብሎ ጨረሰው። ለተራበ ወንድም «በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ፣ ጥገብ» ማለት ምን ይጠቅመዋል ነው የሚለው። ገበያሽን ይባርክልሽ ብሎ ኪሎ ማጉደል ከዚህ በምን ይለያል?

መረብ ጣይ

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፣ አልቻልኩም።

ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ስለ መረብ ማውራት ቀላል ነው እቴ። እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። ቀጭኑንም መረብ ይዤ አውቃለሁ፣ ምን ይደብቀኛል። ለምን? ይረክሳላ። ውሃ ውስጥ ደግሞ አይታይም፣ ብዙ ይይዛል። ደህናው መረብ ከዋጋው በላይ በአንድ ግንድ ተቀዶ ይቀራል። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ እምቦጩ መጥቶ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ አጥሮ ሲይዘው መረባችን ከሥሩ ገብቶ ተተበተበ። ጀልባው መውጫ አጣ። ያኔ ሰው መጥቶ በእጁ ነቀለ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። አረሙ ተመልሶ መጣ፣ እኛ ከአረሙ ጋር ቀረን። አዋጅ አለ ትሉኛላችሁ፤ አዎ፣ የዓሣ አዋጁ ቁጥር 315/1995 ነው፣ አውቀዋለሁ። ወንዙ አፍ ላይ የሚያስከብረው ሰው ግን አላየሁም። እኔ ብተወው ጎኔ ያለው ይዘረጋዋል፣ ዓሣውም አይድንም፣ እኔም ባዶ እጄን እገባለሁ።

ሚዛኑን በተመለከተ፣ እኛ ስናስረክብ ተረካቢው አይሰርቀንም መሰላችሁ? የሚሰርቅ አለ፣ የማይሰርቅ አለ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ በትኖ ትልቁንም ጫጩቱንም የሚያንሳፍፈውን እኔም እረግመዋለሁ። እሱ ወንጀል ነው።

ስለ እምነት ግን አንድ ነገር ልበል። እኔም እጾማለሁ፣ ንስሐ አባት አለኝ። መልካም ሰው ናቸው። ረቡዕና ዓርብን ይጠይቁኛል። የሰንበትን ይጠይቁኛል። በጾም ከባለቤቴ ጋር እንዴት እንደሆንኩ ሳይቀር ይጠይቁኛል። ስለ መረቤ ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ካልተጠየቅኩበት ኃጢአት መሆኑን በምን ልወቅ?

ጎመን በጤና

መረብ ጣይ፣ ተናደድክብኝ መሰለኝ፣ ግን የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርህ ከኔ ፖስት ሁሉ በላይ ናት። የኔው ሰውዬም እንዲህ ይሆናል ማለት ነው። ጾሙን እግዚአብሔር ይቆጥርብኛል ብሎ ያምናል፣ ስለዚህ ይጾማል። ሚዛኑን ይቆጥርብኛል ብሎ አያምንም፣ ስለዚህ ይሰርቃል። በሁለቱም ያመነውን ነው የሠራው። እና ሥራው እምነቱን አሳይቷል። ያላሳየው እኔ «ክርስትና» የምለውን ነው።

ጎጃሜው

ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ነገር በፍልሰታ ዓሣ ምን ያደርጋል? ዓሣ የጾም ነው ያለው ማነው?

ባለ ባጃጁ

ወይ ፈጣሪ፣ መጣ የዓሣው ጉዳይ። ጣና ዳር ተቀምጠህ ይሄን ትጠይቃለህ?

ጎጃሜው

እጠይቃለሁ! ደም ያለው ሁሉ የፍስክ ነው። አያቶቻችን በጾም ዓሣ አልበሉም።

የፋሲሎዋ

የማን አያት? የኔ አያት እኮ በጾም ዓሣ ጠብሳ ነው ያሳደገችኝ፤ ቆራቢ ነበረች ደግሞ።

አወያይ

ስለ ዓሣ ጾም መሆን አለመሆን የተከፈተ ክር አለ፤ ሦስት መቶ ምላሽ አልፎ እስካሁን አልተስማሙም። እዚያ ሂዱ። እዚህ የሚቀጥለውን የዓሣ ጾም ክርክር አጠፋዋለሁ።

ዝምተኛው

አወያይ ከማጥፋትህ በፊት አንድ ቃል ብቻ። ሰውየው ሚዛን ሰረቀ፣ በእንቁላል የተሞላ ዓሣ ጨረሰ ሲባል ብዙው ሰው ዝም አለ። ዓሣው በጾም ተበላ አልተበላም ሲባል ግን ክሩ በአንዴ ተጋጋለ። መረብ ጣይ ያለውን እዚሁ በዓይናችን አየነው።

ዘዋሸራ

እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የሰውን እምነት ከሥራው ጋር የሚያይበት ቦታ አለው፤ እሱም የሰው በር ነው። አኮፋዳህን አንግተህ፣ ለምድህን ለብሰህ፣ በእጅህ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዘህ «በእንተ ስማ ለማርያም» ትላለህ። ስለ ማርያም ስም ነው የምትለምነው፤ ቤቱ ያለው ሰው ደግሞ በማርያም የሚምል ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታያለህ።

በሩ ላይ ትልቅ መስቀል የተቀረጸበት፣ ቄስ የማይጠፋበት ቤት አለ። ውሻውን ይፈቱብሃል። ሁሉም አይደለም፤ እንዲህ ካሉት ቤቶች የአንዱ እናት ልጆቻቸው የሆንን ይመስል ገና ድምፃችንን ሲሰሙ ትኩስ እንጀራ ከምጣድ አውጥተው የሚሰጡን ነበሩ፣ ወጥ እንኳ ጣል ያደርጉበታል። እሳቸው ጾመኛ ናቸው፣ ጸሎተኛ ናቸው፣ እምነታቸው እጃቸው ላይ ይታያል። ሣራ ያልሽው ልክ ነው፣ እንደሳቸው ያለውን ማንም አያወራለትም።

በሌላ በኩል ደግሞ አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። ሰፈሩ የማይላትን አይላትም። ወንድ ከቤቷ አይጠፋም ይባላል። እኛ ስንመጣ ግን የጠጪዎቹን ጫጫታ «ዝም በሉ፣ የማርያም ልጆች መጡ» ብላ ታስቆምና ቆማ ነበር የምትሰጠን። ቆማ! ጌታ ቀራጮችና ጋለሞቶች ይቀድሟችኋል ያለውን ወንጌል ሲተረጎም ስሰማ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ እሷ ናት።

ልጅ ሆኜ ይሄን ሳይ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ውሻ የሚፈቱብን ሰዎች ማርያምን ይወዱ ነበር፤ ስዕሏን ይወዱ ነበር፣ ወሯ 21 ሲሆን ይዘክሩ ነበር። ለዝክሩ ጠላ ተጠምቆ፣ ዳቦ ተደፍቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ሲበላ በሩ ላይ ቆመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል «ከዝክሩ በኋላ ኑ» ይሉናል። ስሟ ሳሎን ውስጥ ሌላ፣ በር ላይ ሌላ ነው።

ታሪክ ወዳድ

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። ጎርጎራ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጣናን በሰሜን በኩል የሚያየው ዳርቻ። ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ እዚያ ነበር የሰፈሩት። ንጉሡ ካቶሊክ ሆነና ሃይማኖቱን በአዋጅ ሕዝቡ ላይ ጫነ። አገር ተነሣበት። ክርስቲያን ክርስቲያንን አረደ። መጨረሻ ላይ በ1632 እ.ኤ.አ. የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ ዘውዱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

የተጣሉት ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነው። «አትግደል» ላይ ግን ሁለቱም ወገን ልዩነት አልነበራቸውም እኮ! የተለያዩበትን ለማስከበር የተስማሙበትን ጣሱት።

ሌላም ልጨምር፣ ይሄ ደስ አይልም። ባርነት። ፍትሐ ነገሥቱ ስለ ባሪያ አንቀጽ አለው። ቴዎድሮስ ንግዱን ሊያስቆም ሞክሮ ነበር። በሕግ ተጠቃልሎ የተከለከለው ግን በ1934 ዓ.ም ነው። እስከዚያ ድረስ ጾመኛ የሆነ፣ የሚቆርብ፣ ደብር ያሠራ ጌታ ባሪያ ነበረው። ግብዝ ነበር? ግብዝ ማለት ልክ ያልሆነውን እያወቀ የሚሸፍን ነው። ይሄ ሰው የሚሸፍነው ነገር አልነበረውም፤ በአደባባይ ነው ያደረገው፣ ማንም ኃጢአት ነው ብሎ አልነገረውም። እኔን የሚያስፈራኝ ግብዙ አይደለም። ግብዝን ልጅም ያውቀዋል።

ደንገል

ሰላም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ስለ ንስሐና ስለ ጾማችሁ አስተያየት የለኝም። ስለ ሥራው ግን አለኝ፣ ምክንያቱም የሚያርፈው እኛ ላይ ነበር።

ነገደ ወይጦ ነኝ። ጣና ላይ ደንገል ቆርጦ ታንኳ የሚያስረው የኛ ሰው ነው። አያቴ ታንኳ ሠሪ ነበር። ከዘጌ እንጨት ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጣው በታንኳ ነበር። መነኩሴው ወደ ገዳሙ፣ ገበሬው ወደ ገበያው በታንኳ ይሻገራል። ነፍሱን አያቴ ባሰረው ደንገል ላይ አስቀምጦ ሐይቁን ያቋርጣል። ደርሶ ሲወርድ ግን በአያቴ ዕቃ ውሃ አይጠጣም። እኛ ውሃ ስንጠይቅም መዳፋችን ላይ ነበር የሚፈሰው፣ ዋንጫውን እንዳንነካው።

ታንኳችን ንጹሕ ነበር፤ ዋንጫችን ግን ርኩስ። ይሄን ወንጌሉ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳገኛችሁት አላውቅም።

ጎጃሜው

ወንድሜ ያኔ እኮ ጉማሬ ትበላላችሁ ተብሎ ነው። ክፋት አልነበረውም።

ደንገል

ጉማሬ ማደን ከቀረ ዘመን አለፈ። ጉማሬውም ተመናምኗል። ሰፈራችን ግን አሁንም በጣት ይጠቆማል። ጉማሬው ምክንያት ቢሆን ኖሮ አብሮት በቀረ ነበር። ደግሞ «ክፋት አልነበረውም» ያልከው ትክክል ነው፣ እኔም የምለው እሱን ነው። በክፋት ቢሆን ኖሮ አንዳንዱ ይጸጸትበት ነበር።

ሣራ ዘሽምብጥ

ደንገል፣ ማቴዎስ 15 ላይ ወደ አፍ የሚገባው ሰውን እንደማያረክስ፣ ከአፍ የሚወጣው እንደሚያረክስ ተጽፏል። ምዕራፉ አለ፤ ያንተን አያት ግን አልደረሰለትም። ምን ልልህ እችላለሁ።

ዘዋሸራ

በዚሁ ላይ፣ ሸክላ የሠራች፣ ብረት የቀጠቀጠ ሁሉ «ቡዳ» ይባል የለም እንዴ? በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተን፣ በቀጠቀጠው ማረሻ አርሰን፣ ሰውየውን በዓይኑ ይበላል ብለን እንሸሸዋለን። ጌታችን አናጺ ተብሏል፣ ማርቆስ 6 ላይ። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። ሁለቱም በእጃቸው የሠሩ ናቸው። ዛሬ ገጠር ቢገቡ ማን ልጁን ይድርላቸው ነበር?

የዘጌ ቡና

እኔ ደግሞ ሌላውን ጎን ልናገር፤ ዘጌ ነው ያደግሁት። ክሩን ሳነብ እምነት ከሥራ ጋር ምንም የማይገናኝ እየመሰለ መጣ። ዘጌ ኑና እዩ። ዘጌ በበሬ አይታረስም። የገዳማቱ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም ካቆሙት ሥርዓት ነው ተብሎ ነው ከአባት ወደ ልጅ የመጣው። ቡናው ራሱ ከበትራቸው በቀለ ይባላል። ለዚህ ነው ቡናችን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት በእግር የሚሄድ ሰው ደን ለደን ነው የሚሄደው። ዙሪያችን ያለው አገር ተመንጥሮ ሲያልቅ ይሄ የቆየው በእምነት ነው። የአካባቢ ጥበቃ የሚባል ነገር ሳይሰማ በፊት። ድህነት እኛም ጋ አለ፣ እንጨት የሚሸጥም አይጠፋም፣ ግን ያ ሥርዓት ባይኖር ምን ይቀር ነበር?

ዝምተኛው

ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን እስቲ አብረን እንግፋው። ደቡብ ጎንደርን ከላይ በሳተላይት ሥዕል ያየ ሰው የሚያየው የታረሰ ቡናማ መሬት ነው፤ መሐሉ ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ ጠብ ጠብ ይላል። እያንዳንዷ ጠብታ አንድ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ሲያጠና ኖሯል፤ ካህናቱና ምእመናኑ በዙሪያቸው የድንጋይ አጥር እንዲሠሩም አብሮ ለፍቷል። የአገር በቀል ዛፍ ዘር የቀረው እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን አጥሩን እዩት። ከአጥሩ ወዲህ ቅርንጫፍ የሚሰብር የለም። ከአጥሩ ወዲያ ዛፍ የለም። የታረሰው እስከ ድንጋዩ ድረስ ነው። ያው ገበሬ ነው፣ ያው መጥረቢያ ነው፣ በአንድ እርምጃ ልዩነት። ሰውየው እምነቱን አልጣሰም። በጣም ታዟል፣ አጥሩ እስካለበት ድረስ።

ሚዛኑ ከአጥር ውጭ ነው። መረቡ ከአጥር ውጭ ነው። የደንገል አያት ዋንጫም ከአጥር ውጭ ነበረች። ስለዚህ «ሰው እምነቱን ይኖራል ወይ» ከማለት አጥሩን እዚያ ጋ ማን አቆመው ብላችሁ ጠይቁ።

ጴንጤው ጎረቤት

በደንብ ገባኝ። የኛ አጥር ደግሞ መጠጥና ሲጋራ ነው። ከሱ ወዲያ ሰው እንደፈለገ ነው። አንድ ሰው ቢራ ሲጠጣ ከታየ ከአገልግሎት ይታገዳል፤ ተከራዩን በክረምት ከቤት ያስወጣ ሲታገድ አላየሁም።

ቀሲስ ነኝ

ልጆቼ፣ ክሩን አንድ የንስሐ ልጄ አሳይቶኝ አነበብኩት። የተባለውን ሁሉ አልቃወምም፤ አንዳንዱን ግን አስተካክላለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ሚዛን ዝም አላለችም። ምሳሌ 11 ላይ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል። ኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል። በዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሰንበት ምኩራብ ይባላል፤ ጌታ ሻጮችንና ለዋጮችን በጅራፍ ከመቅደስ ያስወጣበት ነው የሚሰበከው። ስለ ንግድ የተመደበ ሰንበት አለን ማለት ነው። ዘኬዎስም የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ አራት ቀን እጾማለሁ አላለም። አጥሩን ሃይማኖቱ አላቆመውም።

ማን አቆመው ካላችሁ፣ እኛም ሕዝቡም ተጋግዘን ነው። ጾም የሚታይ ነገር ነው፤ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ልጅ እንኳ ፍልሰታን ይጾማል። ለመጠየቅ ይመቻል፣ ለመመለስም ይመቻል። የማንንም ንስሐ አላወራም፣ ነገር ግን «ጾም ገድፌአለሁ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚመጣው፤ ገንዘብ ያለበት ነገር ቢመጣም ከኋላ፣ ተድበስብሶ ነው። ካህኑም ገበያውን አያውቀውም። መረብ ስንት ዓይነት እንደሆነ እኔ ዛሬ እዚህ ነው ያነበብኩት። የማላውቀውን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ጾሙን ግን አታቅልሉብኝ። በሆዱ ላይ «በቃህ» ማለት ያልለመደ ሰው በገንዘብ ላይ ሊል አይችልም። ልምምዱ ወደ ገበያ አለመውጣቱ ነው ችግሩ።

መረብ ጣይ

አባ ይባርኩኝ። ካነበቡት አይቀር ልጠይቅዎ። እኔ የርስዎ ልጅ ብሆን ምን ይሉኝ ነበር? መረቡን አቃጥል ይሉኛል? ልጆቼ ነገ ምን ይበላሉ?

ቀሲስ ነኝ

እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ። አቃጥል አልልህም፤ ያለ እንጀራ አስቀርቼህ እኔ ምን ልሰጥህ ነው? መጀመሪያ የምጠይቅህ፣ ነጭ ዓሣው እንቁላል የሚጥለው ከመቼ እስከ መቼ ነው?

መረብ ጣይ

ዋናው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መግቢያ ነው አባ።

ቀሲስ ነኝ

እንግዲህ በነዚህ ወራት ከወንዝ አፍ ራቅ። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ቀረሶም አምባዛም አለ። ይሄን እንደ ቀኖና ያዘው። ብቻህን ከሆንክ ግን እንዳልከው ጎንህ ያለው ይዘረጋል። ዕድር አላችሁ፣ ጽዋ አላችሁ። አንድ ሰው በሰንበት ቢያርስ ጽዋው ያወግዘዋል አይደል? በወንዝ አፍ የሚዘረጋውንም ሊያወግዘው ይችላል። ለጽዋው የነፍስ አባት ንገሯቸው። ሙስሊሞቹ አጥማጆችም በራሳቸው ወገን ይስማሙ፤ ዓሣው ሃይማኖት የለውም።

ደንገል

በኛ በኩል ሽማግሌዎቹን ማናገር እችላለሁ። በአንድ ዕቃ ቡና ጠጥተን የምንነጋገር ከሆነ።

ቀሲስ ነኝ

ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ጾም ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን እንጂ።

መረብ ጣይ

እኔ ለማሰብ ጊዜ ስጡኝ፣ ቃል አልገባም። ጽዋችን ውስጥ ከኔ የባሱ አሉ፣ ሰምተው ይስቁብኛል።

ጎመን በጤና፣ አንቺ ግን ቀረሶና አምባዛ ብቻ ነው የምወስደው ብለሻል። ኪሎውን በስንት? የምግብ ቤት ሰዎች ስለ ሚዛን ስታወሩ ጥሩ ነው፣ ዱቤ ከወሰዳችሁ በኋላ ግን ስልካችሁ አይነሳም።

ጎመን በጤና

እኔ ዱቤ አልወስድም። በጥሬው ነው የምከፍለው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ደላላው ያነባል። በውስጥ መስመር ላክልኝ። ሚዛኑ ግን የኔ ነው፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ ነው የምንመዝነው።

መረብ ጣይ

ያንቺ ሚዛን ትክክል ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል? የታሸገ ሁለት ሊትር ውሃ ይዤ እመጣለሁ። መጀመሪያ እሱን እንመዝናለን።

ጎመን በጤና

አምጣው።